ካሜራው በወንድማማቾች መሀል ያየው

አንድ ካሜራ የገዛ ሰው ነበረ።

ቁጭ በይ ዘርትሁን፣ ቆመሽ አትስሚኝ። ጥያቄሽ ገብቶኛል። «የተጣሉ ሰዎችን ላስታርቅ ስቀመጥ ለማንም እንዳላዳላ ብዬ መሀል ላይ ነው የምሆነው፤ ታዲያ ለምን ሁለቱም ተቀይመውኝ ይሄዳሉ?» ነው ያልሽኝ። የዕድሩ ሰዎች ለሽምግልና ከመረጡሽ ወዲህ እንቅልፍ አጥተሻል፤ ፊትሽ ያስታውቃል። እኔ ደግሞ ለዚህ ጥያቄ የሚሆን አንድ ነገር ብቻ ነው የማውቀው፤ እሱም የካሜራ ነገር ነው። አትሳቂ፣ ስሚኝ።

ሰውየው ፎቶ አንሺ ነበር። በአንዲት ትንሽ ከተማ ሰርግ ያነሳል፣ ክርስትና ያነሳል፣ ለመታወቂያ የሚሆን ጉርድ ፎቶ ያነሳል። የድሮ ካሜራው በእጅ የሚስተካከል ነበር። በካሜራው ማያ ቀዳዳ የሰውን ፊት እያየ ሌንሱ ላይ ያለውን ቀለበት ወዲህና ወዲያ ያዞራል፤ ፊቱ ከጭጋግ ወጥቶ ጥርት ሲልለት ያኔ ይጫናል። ዕድሜ ልኩን እንዲህ ሲሠራ ኖሮ አንድ ቀን አዲስ ካሜራ ገዛ። ፊልሙ ያው ፊልም ነው፤ ታጥቦ እስኪመጣ ድረስ ምን እንዳነሳሽ አታውቂም። ማጥራቱን ግን ካሜራው ራሱ ይሠራዋል። ቁልፉን ነካ ስታደርጊው ዝዝ ይልና ያጠራል፣ ከዚያ በቀዳዳው ውስጥ አረንጓዴ መብራት ይበራል። በቃ፣ ማንሳት ነው።

ሰውየው በዚህ ካሜራ ልቡ ጠፋ። «ይሄ እኮ ራሱ ያያል» እያለ ላገኘው ሁሉ ያወራ ጀመር። የአጠቃቀም መመሪያው በማያውቀው ቋንቋ ስለተጻፈ ከነካርቶኑ ወርውሮታል። ጥቂት ሕፃናትና አንዲት ሙሽራ አነሳ፤ ጥሩ ሆነው ወጡለት። «አወቅሁት» አለ። አንድ ሰው ብቻውን መሀል ላይ ሲቆም ምን ችግር አለው፣ ማንም ያነሳዋል።

እዚያው ከተማ ሁለት ወንድማማቾች ነበሩ። አባታቸው ሲሞት አንድ የድንጋይ ቤት ተወላቸው፤ በቤቱ የተነሳ ተጣሉ። ጠቡ እንደ ዋዛ የሚታይ አልነበረም። ታናሽየው አንድ ጊዜ ገጀራ ይዞ ወንድሙን መንገድ ላይ ጠብቆታል፤ ሰው ደርሶ ነው የያዘው። ታላቅየው ደግሞ በገበያ መሀል «እኔ ወንድም የለኝም» ብሎ ምሏል። አንድ መኪና አይሳፈሩም፤ ለቅሶ ቤት እንኳ አንዱ ሲገባ ሌላው ተነስቶ ይወጣል።

በዚህ መሀል እናታቸው ታመመች። እህታቸው ወደምትኖርበት ትልቅ ከተማ ወሰደቻትና ለሐኪም አሳየቻት። ሐኪሙ «ሆዷ መከፈት አለበት፤ ከዘገየ እኔ የለሁበትም» አለ። እናትየዋ እምቢ አለች። «ልጆቼ እንደተጣሉ ቢላ አይነካኝም። ባልነሳስ? አብረው ቆመው ልያቸውና ከዚያ የፈለጋችሁትን አድርጉኝ» አለች። ለመኗት፣ ተቆጧት፣ አለቀሱባት፤ ወይ ፍንክች።

እህታቸው ስልክ ደውላ የአገሩን ሽማግሌዎች አስጠርታ አለቀሰችባቸው። ሽማግሌዎቹ ከአንዱ ደጃፍ ወደ ሌላው ሲንከራተቱ ሰንብተው በመጨረሻ ይህችን ብቻ አገኙ፦ ወንድማማቾቹ በአባታቸው ቤት ፊት ጎን ለጎን ቆመው ፎቶ ይነሳሉ፣ እናታቸው ፎቶውን አይታ ወደ ሐኪሟ ትገባለች። እርቅ የሚባል ነገር አልነበረበትም። ታላቅየው «ትከሻው ትከሻዬን እንዳይነካኝ» አለ። ታናሽየውም «እኔም የምለው ይህንኑ ነው» አለ።

ፎቶ አንሺው አዲሱን ካሜራ ይዞ መጣ። ወንድማማቾቹ ቆሙ፤ በመሀላቸው በር የሚያክል ክፍተት አለ። እስቲ አስቢው፣ ሁለቱም የሚያዩት እሱን ነው። ካሜራውን ትንሽ ወደ አንዱ ሲያዘነብል ሌላው ጉሮሮውን ይጠራርጋል። ወደዚያኛው ሲመልሰው ደግሞ ይሄኛው ቅንድቡን ያነሳል። በካሜራው ቀዳዳ መሀል ላይ አንዲት ትንሽ አራት ማዕዘን አለች፤ እሷን ለማንም ሳያዳላ ልክ መሀል ለመሀል፣ ክፍተቱ ላይ አሳረፋት። ከቀኝም ከግራም እኩል መሆኑን ደጋግሞ ለካ። ቁልፉን ነካ፤ ዝዝ አለ፤ አረንጓዴው በራ። መብራቱን አመነና አነሳ። አሁንም እንደዚያው አድርጎ ደገመ። «አበቃ» ሲላቸው ወንድማማቾቹ ሳይተያዩ በየፊናቸው ሄዱ።

ፊልም የሚያጥበው ፎቶ ቤት ያለው እናትየዋ ባለችበት ከተማ ነበርና ፊልሙ በአውቶቡስ ተላከ። እህታቸው አሳጥባ ወሰደችላት። እናትየዋ አልጋዋ ላይ እንዳለች ፎቶውን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዙራ ብዙ አየችው። ከዚያ «ቤቱንማ አየሁት» አለች። «ድንጋዩን ሁሉ አንድ ባንድ አየሁት። ልጆቼ የታሉ?»

እውነቷን ነው። ከወንድማማቾቹ ኋላ ያለው ግድግዳ ድንጋይ በድንጋይ፣ ስንጥቁ ሳይቀር ጥርት ብሎ ወጥቷል። በግራና በቀኝ የቆሙት ሁለት ሰዎች ግን ጭጋግ ናቸው። ዓይን የላቸውም፣ አፍ የላቸውም። «ሌላ ሁለት ሰው አቁማችሁ ነው የላካችሁልኝ። ሞኝ መሰልኳችሁ?» ብላ ፎቶውን መለሰችውና ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። ከዚያን ቀን ጀምሮ እህል መቅመስም እየተወች መጣች።

ፎቶው ተመልሶ ሲመጣ ታላቅየው አየው። «ሆን ብሎ ነው ፊቴን ያጠፋው፤ ያ ወንድሜ ተብዬ አባብሎት ነው» አለ። ታናሽየው ያንኑ ፎቶ አይቶ ያንኑ ቃል ደገመው። ከተጣሉ ወዲህ በአንድ ነገር የተስማሙት ያኔ ነው፤ ፎቶ አንሺውን በመጥላት። ምስኪን፣ ሁለቱን እኩል ያየ መስሎት ነበር እኮ።

ሰውየው ቤቱን ዘግቶ ተቀመጠ። «ካሜራው ተበላሽቷል» ብሎ ሊገላገል አሰበ፤ ሰው ሁሉ የሚለው እሱን ነው። ግን «ያቺ ሴት በኔ የተነሳ ልትሞት ነው» የሚለው ሐሳብ አላስቀምጥ አለው። ግቢው ውስጥ ሁለት ጀሪካኖች ከግድግዳው ራቅ አድርጎ አቆመና በመሀላቸው ያንኑ የሚያክል ክፍተት ተወ። መሀሉን አይቶ ቁልፉን ነካ። ዝዝ፣ አረንጓዴ። አሁን ግን የሚፈራው ሰው ፊቱ ስላልቆመ መብራቱን ትቶ ምስሉን ልብ ብሎ አየ። ግድግዳው ጠርቷል፣ ጀሪካኖቹ ፈዘዋል። ለካ ካሜራው የሚያየው ያቺ ትንሽ አራት ማዕዘን ያረፈችበትን ነው። ክፍተት ላይ ካረፈች በክፍተቱ አልፋ ግድግዳውን ታገኛለች። መብራቱም አልዋሸም። «አንድ ነገር አጥርቻለሁ» ነው ያለው፤ «የፈለግኸውን አጥርቻለሁ» መቼ አለ?

ቀጥሎ አራት ማዕዘኗን አንደኛው ጀሪካን ላይ አሳርፎ ቁልፉን ግማሽ ድረስ ተጫነ። ጀሪካኑ ጠራ። ጣቱን ሳያነሳ፣ ጨርሶም ሳይጫን፣ እንደያዘ ካሜራውን ወደ መሀል መለሰ። ሁለቱም ጀሪካኖች ጥርት እንዳሉ ቆዩ። ጣቱን ለቅቆ እንደገና ሲነካው ተመልሶ ግድግዳው መጣ። አንዱን ጀሪካን ወደ ኋላ ገፋ ሲያደርገው ደግሞ እሱ ብቻ ፈዘዘ። ገባው። አንዱን አይቶ፣ ያየውን ይዞ፣ ከዚያ ወደ ሁለቱ መመለስ ነው፤ ሁለቱም እኩል መቆም አለባቸው። ሲገባው ደስ አላለውም፣ ፈራ። ጀሪካን አይቆጣም። ለወንድማማቾቹ ግን ይህን በአፉ ሊነግራቸው ነው።

ሁለተኛ ጊዜ እንዲቆሙ ሽማግሌዎቹ እግራቸው ላይ ወደቁ። እህታቸውም «ዛሬ ነገ ካላችሁ የምትመጡት ለቀብር ነው» ብላ ደወለች። ቆሙ። ታላቅየው ግን ከወንድሙ ወደ ኋላ ፈንጠር ብሎ ነው የቆመው። ፎቶ አንሺው ካሜራውን አነሳና መልሶ አወረደው።

«መጀመሪያ የአንዳችሁን ፊት ብቻ ማየት አለብኝ» አለ። «ባለፈው መሀል መሀሉን ሳይ ቤቱን ነው ያየሁት።»

«ታላቅ እኔ ነኝ» አለ ታላቅየው።

«እሱን ካስቀደመ እኔ ሄጃለሁ» አለ ታናሽየው፤ ለወንድሙ ሳይሆን ለሽማግሌዎቹ።

«ማስቀደም አይደለም» አለ ፎቶ አንሺው። «እኩል ከቆማችሁ ባንዳችሁ የጠራው ለሌላውም ይጠራል። ወደ ኋላ የቀረ ግን ይደበዝዛል። አንዳችሁንም ካላየሁ ደግሞ ሁለታችሁም ትጠፋላችሁ። ያኔ ለእናታችሁ ምን ልላክላት?»

ታናሽየው ሊሄድ ፊቱን አዞረ። አንደኛው ሽማግሌ ሊይዘው እጁን ዘርግቶ መልሶ ሰበሰበው፤ ቢነካው ይብሳል ብሎ ፈርቶ ነው። ታላቅየው ዞሮ የአባቱን ቤት አየ። ከዚያ መሬት መሬቱን እያየ፣

«የሱን ፊት ያዝ» አለ። «እማዬ ዓይኗ መጀመሪያ የሚፈልገው እሱን ነው። ከልጅነታችን ጀምሮ እንዲሁ ናት።» ይህን ብሎ ወደ ፊት መጣና ከወንድሙ እኩል ቆመ። ታናሽየውም ፊቱን ወደ ካሜራው መለሰ።

ልብ በይ፣ ያን ሁሉ ዓመት ቤት ቤት ሲሉ ኖረው ይህን ቃል ከአፉ የሰማ ሰው አልነበረም።

ፎቶ አንሺው አራት ማዕዘኗን ታናሽየው ፊት ላይ አሳረፈ። ቁልፉን ግማሽ ድረስ ተጫነ። ፊቱ ጠራ። ቁጣ አያለሁ ብሎ ሲጠብቅ ከንፈሩ ሲንቀጠቀጥ፣ ዓይኑ እንባ ሲሞላ አየ። «ጋሼ» አለ ታናሽየው፤ ከተጣሉ ወዲህ ወንድሙን እንዲያ ጠርቶት አያውቅም። «ጋሼ፣ እኔ እኮ ይህን አላወቅሁም።» ፎቶ አንሺው እዚያ ፊት ላይ ቀረ፤ ጣቱ በላብ አዳልጦት ሊለቅ ምንም አልቀረው። ጨክኖ ያዘው። እንደያዘ ካሜራውን በዝግታ ወደ መሀል መለሰ፣ ሁለቱም ገቡለት፣ ያን ጊዜ ተጫነ።

ፎቶው እናትየዋ ዘንድ ደረሰ። እጇ ደክሞ ነበርና እህታቸው ወደ ብርሃኑ አዙራ ያዘችላት። እናትየዋ ጣቷን ዘርግታ ፎቶው ላይ አሳረፈች። ታናሽየው ላይ አይደለም፤ ታላቅየው ጉንጭ ላይ ነው። «ይሄ ልጅ ከስቷል» አለች። «ማን ነው የሚያበላው?» ከዚያ ሐኪሙን አስጠራች።

ዳነች ወይ ልትዪኝ ነው። ድናለች። ሊያመጧት የሄዱትም ሁለቱም ናቸው፣ በአንድ መኪና። ስለ ቤቱ ከዚያ በኋላም ተነታርከዋል፤ ቤቱ አንድ፣ እነሱ ሁለት፣ ምን ይደረግ። ግን አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው ነው የተነታረኩት።

አሁን ወዳንቺ ልምጣ፣ ዘርትሁን። ስለነዚያ በፍሳሽ ቦይ ስለተጣሉት ሁለት ጎረቤታም ሴቶች ስትነግሪኝ ጆሮዬን ሰጥቼ ሰምቼሻለሁ። ቦዩ ከየት ተነስቶ ወዴት እንደሚፈስ፣ ማን እንደቆፈረው፣ ማን እንደደፈነው አንድ ሳታስቀሪ ነገርሽኝ። ጎበዝ። ከዚያ «ሴቶቹስ እንዴት ያሉ ናቸው?» ብዬ ብጠይቅሽ አንዷን «ከሳሽ»፣ ሌላዋን «ተከሳሽ» አልሽኝና ወደ ቦዩ ተመለስሽ። ያ ካሜራ ማለት አንቺ ነሽ። መሀል መሀሉን ስታዪ የሚጠራልሽ የተጣሉበት ነገር ነው፤ የተጣሉት ሰዎች ጭጋግ ሆነው ይቀራሉ። ፊታቸው እንደጠፋብሽ ደግሞ እነሱ ያውቁታል፣ የሚቀየሙሽም ለዚያ ነው። አለማዳላት ማለት ማንንም አለማየት አይደለም፣ የኔ ልጅ።

ነገ ወደ አንደኛዋ ቤት ሂጂ። ስለ ቦዩ አንድ ቃል እንዳታነሺ። ምን እንደጎዳት እስኪገባሽ ድረስ ፊቷን እዪው። ከዚያ ያየሽውን ሳትለቂ ሁለቱን አንድ ላይ ጥሪያቸው። ሌላዋ «ለሷ አዳላሽ» ብትልሽ አትደንግጪ፤ እኩል አቁሚያት፣ የሷም ፊት ይወጣል። በይ አሁን ተነሺ። የትኛዋን ቤት ላስቀድም ብለሽ ብቻ እንዳትጠይቂኝ፤ እሱንም ልለካ ካልሽ ተመልሰሽ ግድግዳውን ልታነሺ ነው።