የሰጡትን አልጎርስም ያለው ምንሽር

ጠጋ በሉ፣ ተረት ልንገራችሁ። «ይሁን፣ ንገረን» በሉኝ እንጂ። አላላችሁም? ምን ቸገረኝ፣ እነግራችኋለሁ።

ብረት አፍ አውጥቶ በሚናገርበት፣ ሰውም ሰምቶ እንዳልሰማ በሚሆንበት ዘመን፣ የሻረግ የምትባል አንዲት ባልቴት ከገደል አፋፍ ላይ ማሽላ እየዘራች ትኖር ነበር። ባሏ ሲሞት ሁለት ነገር ትቶላታል፤ አንድ ማሳና አንድ አሮጌ ምንሽር። ምንሽሩ በጉብዝናው ወታደር ቤት የኖረ፣ ሰደፉ በጠፍር የተጠገነ፣ አሥር ጥይት የሚጎርስ ጠመንጃ ነው። ይጎርስ ነበር ማለቴ ነው። በባልዬው ለቅሶ ላይ ዘመድ አዝማዱ ጠመንጃውን እየተቀባበለ ሲፎክር፣ ጥይት የሚሞላበት የብረት ሣጥኑ፣ ካዝና የሚሉት፣ ወልቆ ወደቀ። ፎካሪው ሁሉ ፎክሮ፣ ንፍሮውን ቆርጥሞ ወደ ቤቱ ሄደ። ካዝናውን የፈለገ ሰው አልነበረም።

ከገደሉ ሥር ደግሞ የዝንጀሮ አለቃ የሆነ አንድ ገመሬ ከነመንጋው ይኖራል። ዝንጀሮ ባዶ ጠመንጃ ያውቃል። በመጀመሪያው ዓመት የማሳውን ዳር በላ፤ ምንሽሩ ዝም አለ። በሁለተኛው ዓመት እስከ መሐል በላ፤ ምንሽሩ ዝም አለ። በሦስተኛው ዓመት ማሽላው እሸት ሲይዝ፣ ገመሬ ከየሻረግ ማማ ሥር እግሩን ዘርግቶ ተቀመጠ። እሷ በወንጭፍ ድንጋይ ስትወረውር ግልገሎቹ ድንጋዩን እየለቀሙ ይጫወቱበት ጀመር።

የሻረግ ወንድሟን ቢምረውን አስጠራችው።

«ጎተራዬ ባዶ ነው» አለችው። «ዘንድሮ ካልሰበሰብኩ ማሳዬን ትቼ ሰው ቤት ልገባ ነው። በዚህ ዕድሜዬ የሰው እሳት ላነድ ነው።»

ቢምረው ማለት ዝናሩን ሳይታጠቅ ውሃ የማይጠጣ፣ ጥይቱን በአመድና በሎሚ እየወለወለ ሠርግ ለሠርግ የሚዞር ሰው ነው። መልከ መልካም ነው፤ እሱን አልክድም።

«እታለም፣ እኔ እያለሁ?» አላት። «ካዝናውንም ጥይቱንም አመጣልሻለሁ። ይኼ አሮጌ እምቢ ካለ ግን ሐሙስ ቀጥቃጩ ይመጣል። አፈሙዙን ለወናፉ ይፈልገዋል።»

ምንሽሩ ከግድግዳው ላይ ሆኖ ሰማ። ፈራ። ዕድሜ ልኩን እሳት ሲተፋ ኖሮ፣ በስተርጅና የሰው እሳት ማራገቢያ መሆን ሞት ነው። ፈራ እንጂ አላለቀሰም።

ቅዳሜ ቢምረው የእህቱን ሙክት ነድቶ ገበያ ወጣ። ምንሽሩን ግን ግድግዳ ላይ ተወው። «ዓይን እያለኝ ጠመንጃ ምን አሸከመኝ?» አለ። ሲመለስ እንደ በግ ቀንድ የተቆለመመ፣ ሠላሳ ጥይት የሚይዝ ካዝና ይዞ መጣ። ጥይቶቹም አጫጭርና ድቡልቡል ናቸው።

ካዝናው ገና ከቤት ሳይገባ መናገር ጀመረ። «አንተ ነህ አሥር ትበላ የነበርከው? እኔ ሠላሳ ነኝ። ዛሬ ጥጋብን ታያለህ።»

«የማን ነህ?» አለው ምንሽሩ።

«የአዲሱ ጠመንጃ።»

«እንግዲያው ወደ አዲሱ ጠመንጃ ሂድ።»

ቢምረው ገፋው፤ አልገባም። በድንጋይ መታው፤ አልገባም። ላቡን ጠርጎ፣ «ሞረድ አምጪ እታለም፣ አፉን እናሰፋዋለን» አለ።

«አፌን የሠራው ሰው ለክቶ ነው የሠራው» አለ ምንሽሩ። «ለእንግዳ ብዬ አላስሞርድም።»

«ሐሙስ ቀጥቃጩ ይመጣል።»

«ይምጣ።»

እሑድ የሻረግ ማሳ ስትወርድ፣ ገመሬ በመስኮቱ ብቅ አለ። ወሬውን ሰምቶ ኖሯል። ዝንጀሮ ደግሞ ወሬ ሲሰማ ዝም ብሎ አይቀመጥም።

«አያ ምንሽር» አለ አዛኝ መስሎ። «ለምን ራስህን ታስጠላለህ? የሰጡህን ጉረስ። እኔ ወዳጅህ ነኝ።»

«አያ ገመሬ፣ ወዳጄ ከሆንክ ማሽላውን ተውላት።»

«እሱ ሌላ ነገር ነው። እኔ የምልህ፣ የመጣልህን ጎርሰህ አንዴ ብትተኩስ ትከበራለህ።»

«ያልሆነኝን ጎርሼ ብተኩስ እፈነዳለሁ። ያን ጊዜ ማን ይጠቀማል?»

ገመሬ ጎኑን አከክ አከክ አደረገና፣ «አንተ ክፉ አሳቢ ነህ» ብሎ ሄደ።

ሰኞ ቢምረው ሌላ ገበያ ሄደ። አሁንም ምንሽሩን ግድግዳ ላይ ተወው። ሰው ካልተማረ አይማርም። በዚህኛው ቀን ያመጣው ካዝና የድሮውን መልክ አይቶ አንድ የሰፈር ብረት ሠሪ የሠራው፣ ጥቁር ቀለም የተቀባ ነበር። ጥይቶቹም ልካቸው የምንሽሩ ነው፤ ግን ፊት ያሳያሉ፣ እንደ ወርቅ ያብለጨልጫሉ። ቢምረው በዝናሩ ደርድሮ፣ ደረቱን ነፍቶ፣ መንደሩን ሁለት ጊዜ ዞረበትና ነው ቤት የገባው።

ካዝናው ገባ። ገባና እንደ ወላቃ ጥርስ ተወዛወዘ።

«ግድ የለም፣ በጠፍር እናስረዋለን» አለ ቢምረው።

ምንሽሩ የመጀመሪያውን ጥይት በጉሮሮው ያዘና በቀስታ ጠየቀው። «ከየት ነው የመጣኸው?»

ጥይቱ አፈረ። «ጎርፍ ከቀበረው ጉድጓድ ውስጥ ነው የከረምኩት» አለ። «ባሩዴ ሻግቷል። አመድና ሎሚ አሳመረኝ እንጂ ሆዴ በስብሷል። ብትተኩሰኝ መንገድ ላይ ደክሜ አፈሙዝህ ውስጥ ተሰንቅሬ እቀራለሁ። ከኋላዬ የሚመጣው ጥይት ያን ጊዜ አንተንም የያዘህንም ይበትናል።»

«እውነቱን ስለነገርከኝ እግዜር ይስጥልኝ። ውጣ።» ምንሽሩ ተፋው። ሁለተኛውን ተፋው። ሦስተኛውንም ተፋው።

ቢምረው ተናደደ። «ሞቷል! ይኼ ብረት ሳይሆን ግም ነገር ነው። ሐሙስ ለቀጥቃጩ አስረክበዋለሁ» አለና ወጥቶ ሄደ።

የሻረግ ብቻዋን ከምንሽሩ ጋር ቀረች። መደቡ ላይ ቁጭ አለች። ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

«አንተ ሽማግሌ፣ ምን ነካህ? እህሌ እኮ እያለቀ ነው።»

«እመቤቴ፣ እኔ ስፈነዳ ሰደፌ ያለው በማን ጉንጭ ላይ ነው? ባንቺ ነው። ለወናፍ ስጪኝ፣ አልቀየምሽም። ለማስመሰል ብዬ ግን ያልሆነኝን አልጎርስም።»

 የሻረግ እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችና ተነሣች።

«ጫማ የሚገዛ ሰው እግሩን ቤት ትቶ አይሄድም» አለች። «ከነገ ወዲያ አንተም ገበያ ትሄዳለህ።»

ረቡዕ ምንሽሩን በትከሻዋ አንግታ፣ የቀራትን አንድ በግ ነድታ ወጣች። በመንገድ የሚያያት ሁሉ ሳቀ። «የሻረግ ልትሸፍት ነው» አሉ።  በገበያው ካዝና ካለው ሁሉ ዘንድ እየቆመች ለካች። አንዱ ጠበበ፣ አንዱ ሰፋ፣ አንዱ ገብቶ አልወጣ ብሎ ስንት አታገላቸው። ፀሐይ ወደ ምዕራብ ስታዘነብል አንዲት ሱረት ሻጭ አሮጊት አጠገብ ደረሰች። አሮጊቷ ሱረቷን የምታስቀምጠው በአንድ የተጨረመተ የብረት ሣጥን ውስጥ ነው።

ምንሽሩ ትከሻዋ ላይ ተንቀሳቀሰ። «እመቤቴ፣ ያችን ሣጥን።»

«እማማ፣ ይህቺን ትሰጪኛለሽ?»

«ሱረቴን የት ላድርገው?» አለች አሮጊቷ። የሻረግ የቅል ዕቃዋን ሰጠቻት። ሣጥኑ ሱረቱ ሲራገፍለት ሦስት ጊዜ አነጠሰ።

«ማረኝ፤ ስንት ዘመኔ ነው የሰው አፍንጫ ሳገለግል» አለ። «አሥር እይዝ ነበር። አሁን ጎኔ ስለተጨረመተ ምናልባት ሰባት።»

ምንሽሩ አፉን ከፈተ። ቀጭ! ገባ። የሻረግ ነቀነቀችው፤ አልተነቃነቀም። ጎትታ አወጣችው፤ ወጣ። መልሳ ከተተችው፤ ገባ።

ከዚያ ወደ ጥይት ሻጩ ሄዳ በጓን አስረከበችው። ሻጩ የሚያብለጨልጨውን ወደ ፊት ገፋላት። እሷ ግን በወረቀት የተጠቀለለውን፣ ቀለሙ የደበዘዘውን ፈታችና ምስር እንደምትለቅም ሴት አንድ በአንድ ለቀመች። ማንበብ አትችልም፤ ቂጣቸው ላይ ያለው ጽሑፍ አንድ ዓይነት መሆኑን ግን አየች። አረንጓዴ ዝገት ያወጣውን ጣለች። ጭንቅላቱ በጣት የሚነቃነቀውን ጣለች። ቂጡ አንድ ጊዜ የተመታውን ጣለች። አንድ እፍኝ ከሚሆን ሰባት ብቻ ቀረላት።

«ሰባት ብቻ?» አለ ሻጩ።

«ሰባቱም ጥይት ናቸው» አለች።

ሐሙስ ማለዳ ቀጥቃጩ ወናፉን ይዞ ደጅ ቆሟል። ቢምረውም ከጎኑ አለ። በዚያው ሰዓት ገመሬ መንጋውን አስከትሎ ወደ ማሳው ወጣ። የተረፈውን ማሽላ ሁሉ ሊጨርስ ነው።

የሻረግ ምንሽሩን ይዛ ወደ ማማው ሮጠች። ቢምረው ደረሰባትና እጁን ዘረጋ። «እታለም፣ አምጪው። ይኼ የወንድ ሥራ ነው።»

«ለፉከራ ሲሆን ያንተ ነው» አለችው። «ለማሽላዬ ሲሆን የኔ ነው።»

ወጣች። ሰደፉን ጉንጯ ላይ አስደገፈች። 

«አይዞሽ» አለ ምንሽሩ። «የጎረስኩትን አውቀዋለሁ።»

ቃታውን ሳበች። ድው! ገመሬ የተደገፈው ድንጋይ ለሁለት ተሰነጠቀ። መንጋው እሸቱን ከአፉ እየጣለ፣ እናት ልጇን እየረሳች፣ ገደሉን ቁልቁል ተንከባለለ። ገመሬ ከሁሉ ቀድሞ ነው የወረደው፤ አለቃ አይደል?

ቀጥቃጩ ባዶ እጁን ላለመመለስ የተቆለመመውን ካዝናና ቀለም የተቀባውን ወሰደ። አቅልጦ ለየሻረግ የማሽላ ማጭድ ሠራላት። ቢምረው ዝናሩን ታጥቆ ሌላ ሠርግ ሄደ።

በማግስቱ ገመሬ ከገደሉ ሥር አንገቱን ብቻ አወጣ። ሌሊቱን ሲያስብ አድሯል። የተጨረመተች ካዝና ስንት ትይዛለች? አሮጌ ጠመንጃ ስንቴ ይተኩሳል?

«አያ ምንሽር» ብሎ ተጣራ። «ትላንት አንዷ ወጣች። ስንት ቀረህ?»

ምንሽሩ ከማማው ላይ አፈሙዙን ወደ ገደሉ እንደመለሰ፣ «መጥተህ ቁጠር» አለው።

ገመሬ አሰበ። አሰበ። ደግሞ አሰበ። አልመጣም። የሻረግ ማሽላዋን አጭዳ፣ ወቅታ፣ ጎተራዋን እስከ አፉ ሞላች፤ የሰው ቤትም አልገባች።

ተረቴ ይኸው ነው። ካልጣማችሁ የራሳችሁን ተርቱ፤ ከጣማችሁ ግን ይቺን ያዙ፦ ከማይገጥም ሠላሳ፣ የሚገጥም ሰባት ቤት ያድናል።