የውድነሽ ቦቲ

ብስኩት በሻይ እየነከራችሁ ስትበሉ፣ የማን እግር እንደተላጠ ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ?

በአንድ የብስኩት ፋብሪካ ውድነሽ የምትባል ወለል አጣቢ ነበረች። ቦቲዋ ተቀደደና የማጠቢያው ሶዳ በቀዳዳው እየገባ እግሯን ላጠው። ፌስታል ጠቀለለችበት፤ አላዳናትም። የምትፈልገው ያልተቀደደ ቦቲ ብቻ ነበር።

አንድ ቀን ጠዋት፣ ወለሉን ሳትነካ፣ ወደ ዕቃ ቤት ሄደች።

"ጋሽ በድሉ፣ ቦቲ ይስጡኝ። እግሬ አለቀ።"

"ፎርማኑ ሳያዝ ክር እንኳ አልሰጥም።"

ወደ ፎርማኑ ሄደች።

"ጋሽ በድሉ ቦቲ አልሰጥም አሉ። እዘዛቸው።"

"ብስኩቱ ሳይወጣ ማንንም አላዝም። ደግሞ እግርሽን ማን ያየዋል? ልትዳሪ ነው?"

ወደ ጋጋሪው ሄደች።

"ፎርማኑ አላዝም አለ፣ ጋሽ በድሉ ቦቲ አልሰጥም አሉ። በል ጋግር!"

"ምኑን? አየሩን? ሊጥ ሳይመጣ አልጋግርም።"

ወደ አቡኪዋ ወደ ትርፌ ሄደች።

"ጋጋሪው አልጋግርም አለ፣ ፎርማኑ አላዝም አለ፣ ጋሽ በድሉ ቦቲ አልሰጥም አሉ። አቡኪ እንጂ!"

"እትዬ፣ የትናንቱ ቅባት ወለሉ ላይ ነው። ወገቤ ይሰበር? ሳይታጠብ አላቦካም።"

እውነቷን ነው። እውነት ግን እግር አይሸፍንም።

ወደ ወለሉ ሄደች።

"ትርፌ አላቦካም አለች፣ ጋጋሪው አልጋግርም አለ፣ ፎርማኑ አላዝም አለ፣ ጋሽ በድሉ ቦቲ አልሰጥም አሉ። እባክህ ወለል፣ ታጠብ!"

ወለሉ ዝም አለ። መጥረጊያውም ዝም አለ። መጥረጊያው ያለው በማን እጅ ነው? በእሷ። ውድነሽ ሳቀች፤ ባልዲዋን ደፍታ ተቀመጠችበት።

"ያለ ቦቲ አላጥብም።"

ወለሉ ባይታጠብ ትርፌ ጮኸች፤ ትርፌ ብትጮህ ጋጋሪው ተቆጣ፤ ጋጋሪው ቢቆጣ ፎርማኑ ሮጠ፤ ፎርማኑ ቢሮጥ ጋሽ በድሉ ቁልፉን አወጡ፤ ቦቲውም መጣ! አዲስ፣ የጎማ ሽታው ያልለቀቀ፣ ልክ በእግሯ።

ልታጠልቀው ፌስታሉን ስትፈታ፣ ቆዳዋ አብሮ ተነሳ። አራቱም ቆመው አዩ። ማንም አልቀለደም።

ውድነሽ አጠበች፣ ትርፌ አቦካች፣ ጋጋሪው ጋገረ፣ ብስኩቱም ወጣ። ከሥራ ሲወጡ አራቱ በር ላይ ጠበቋት።

"እትዬ፣ ስለ እግዚአብሔር ይቅር በይን" አለች ትርፌ።

ለዚህ ቃል መልሱ የታወቀ ነው፤ ከልጅነት ጀምሮ አፍ ለምዶታል። ውድነሽ አዲሱን ቦቲዋን አየች።

"እሱ ይቅር ይበላችሁ፤ የእሱን እሱ ያውቃል። እኔ ግን የከለከለኝንም፣ ያላገዘኝንም፣ ብስኩቱን የበላውንም ይቅር አልልም።"