መርዶ ያልደረሳት ልጅ

በአንድ ወቅት፣ አውራ ጎዳና መሃል ለመሃል ሰንጥቋት በሚያልፍ አንዲት የወረዳ ከተማ፣ ረድኤት የምትባል የሰባት ዓመት ልጅ እናቷን ትጠብቅ ነበር። እናቷ እናንዬ በአንድ ሆቴል ወጥ ቤት የምትሠራ ሴት ናት። ሆዷን ታማ ወደ ትልቁ ከተማ ሆስፒታል ስትሄድ ልጇን ለክርስትና እናቷ ሰጥታ፣ «ሽሮዋን ቀጠን አድርጊላት፤ ወፍራም አትወድም» ብላ ተሳፈረች። የልጅቷ አባት ገና ሳትወለድ በመኪና አደጋ ሞቷል። እናንዬም ከሆስፒታሉ አልተመለሰችም፤ እዚያው አረፈች።

ይህን ከተማው ሁሉ ያውቃል። የማታውቀው ረድኤት ብቻ ነበረች።

በዚያ አገር መርዶ ሥርዓት አለው። ሰው የቅርብ ዘመዱ ሲሞትበት በመንገድ ላይ አይነገረውም፤ ዘመድና ጎረቤት ተጠራርቶ በማለዳ ደጁ ላይ ይቆምና ይነግረዋል፣ አብሮትም ያለቅሳል። ለሕፃን ግን መርዶ የለም። ሕፃን «ራቅ ያለ ቦታ ሄዳለች» ይባላል፤ እያደገ ሲሄድ በራሱ ይደርስበታል ተብሎ ይታሰባል። እንዲህ ይሁን ብሎ የወሰነ ሰው የለም፤ ሲደረግ የኖረ ነገር ነው።

ረድኤትን ለማሳደግ ሦስት ሰዎች ጠየቁ።

አንደኛው አጎቷ ደሳለው ነው፤ የእናንዬ ታላቅ ወንድም። ግንበኛ ነው፤ የሚኖረውም በመኪና ግማሽ ቀን በሚያስኬድ ቦታ፣ እሱና እህቱ በተወለዱበት መንደር ነው። አስከሬኗን ተረክቦ እዚያው የቀበራት እሱ ነው። ከቀብሩ በኋላ ስለ ልጅቷ ለመጠየቅ ለክርስትና እናቷ ሲደውል፣ «እማዬ ካልመጣች አልበላም» ብላ ምግብ እንደተወች ሰማ። «ስልኩን ስጪያት» አለ። ልጅቷንም፣ «እናትሽ ሰላም ብላሻለች። ሐኪሞቹ ስልክ ስለከለከሏት በእኔ ነው የላከችው። አልበላም ማለትሽን ብትሰማ ትቆጣለች» አላት። ረድኤት በላች። ከዚያ ወዲህ ደሳለው ከሥራ በወጣ ቁጥር እየደወለ ከሞተች እህቱ ሰላምታ ያደርሳል። ልጅቷ የክፍሏን ወሬ ትነግረውና «ለእማዬ ንገርልኝ» ትላለች፤ እሱም «እነግርልሻለሁ» ይላል። ስልኩን ሲዘጋ ፊቱን ወደ ግንቡ አዙሮ እንደሚቆይ አብረውት የሚሠሩት ሁሉ ያውቃሉ። አንዳቸውም አንድም ቀን ስለዚህ አላነሱበትም።

ሁለተኛዋ የክርስትና እናቷ አትጠገብ ናት። መናኸሪያው ፊት ለፊት ባለች አንድ ክፍል ቤት ትኖራለች፤ ደጇ ላይ ቦምቦሊኖ እየጠበሰች ለመንገደኛ ትሸጣለች። ባልም ልጅም የላትም። እናንዬ በዚያ ከተማ ከእሷ የሚቀርብ ሰው አልነበራትም። የሞቷን ወሬ ስትሰማ ግን አላለቀሰችም፤ ጥቁር አልለበሰችም፤ ለቅሶም አልተቀመጠችም። ቀይ ሻሿን አስራ መጥበሷን ቀጠለች። የእድሯ ሴቶች አሟት። «ሌላው ቢቀር ልጅቷ ትምህርት ቤት በምትውልበት ሰዓት መጥታ አታለቅስም?» አሉ። ሰላምታ የነፈጓትም ነበሩ። አትጠገብ አንዴ ካለቀሰች ማቆም እንደማትችል ታውቃለች፤ ልጅቷም ዓይኗ ሲያብጥ ሳትጠይቅ አታልፍም። ከተጠየቀች ደግሞ መዋሸት አይሆንላትም። ስለዚህ የሚያስጠይቅ ነገር ሁሉ ከፊቷ ላይ አጠፋች።

ሦስተኛዋ ባንቺአምላክ ትባላለች። ከትልቁ ከተማ የመጣች ልብስ ሰፊ ናት፤ ባልና አንድ ወንድ ልጅ አላት። ከዚህ ቤተሰብ ጋር ዝምድና የላትም። እናቷን በሆስፒታል ስታስታምም እናንዬ ከጎኗ ያለው አልጋ ላይ ተኝታ ነበር፤ አስታማሚ አልነበራትም። ባንቺአምላክ ለሁለቱም አጎረሰች፣ የሁለቱንም ልብስ አጠበች። እናንዬ መዳከሟን ባወቀች ጊዜ እጇን ይዛ፣ «ልጄን አደራ። ወሬውንም ከሰው አፍ እንዳትሰማ፤ አንቺ ንገሪያት» አለቻት። ጥቂት ቆይቶ የባንቺአምላክ እናት ራሷ ሞተች። ባንቺአምላክ እናቷን ቀብራ፣ አርባዋን አውጥታ፣ አውቶቡስ ተሳፍራ መጣች።

ነገሩ ወደ ወረዳው የሴቶችና ሕፃናት ጽሕፈት ቤት ደረሰ። ባለሙያዋ ማኅደር ትባላለች፤ ሥራውን ከጀመረች ብዙም አልቆየችም። የእሷ ድርሻ ሦስቱን ሰምታ፣ ቤታቸውን አይታ፣ ልጅቷን ጠይቃ፣ ሞግዚት መሆን ያለበት ማን እንደሆነ ለፍርድ ቤት አስተያየት መጻፍ ነው። ፍርድ ቤቱ አስተያየቷን እምብዛም እንደማይቀይር ታውቃለች፤ ይህም ያስፈራታል።

ሦስቱን በአንድ ላይ አስቀመጠቻቸው።

«የእህቴ ልጅ ናት» አለ ደሳለው። «ከልጆቼ ጋር ታድጋለች። ግቢ አለኝ፣ ላም አለኝ። ሌላ ምን ልበል?»

«በሰማንያ ቀኗ ከቄሱ እጅ የተቀበልኳት እኔ ነኝ» አለች አትጠገብ። «ያን ቀን አንተ የት ነበርክ?»

«ግንብ ላይ ነበርኩ፣ እትዬ። እኔ ክርስትና የሚበላ ቤተሰብ የለኝም።»

«እኔም ስልክ የሚበላ ልጅ የለኝም። በስልክ ሰላምታ ስታበላት ሽሮውን ማን ይሠራ ነበር?»

ደሳለው ሳያስበው ሳቀ። ከዚያ ወደ ባንቺአምላክ ዞረ። «አንቺስ፣ እህቴ? አደራውን ስትቀበይ ምስክር ነበረሽ?»

«እናቴ ሰምታለች።»

«እንግዲያው እሷን እንጠራታለን።»

«ሞታለች» አለች ባንቺአምላክ። ደሳለው አንገቱን ደፋ። «ነፍስ ይማር» አለ።

በማግስቱ ማኅደር ሦስቱም ወደሌሉበት ክፍል ረድኤትን ወሰደቻት። ሁልጊዜ እንደምታደርገው ወንበሯን ትታ ከልጅቷ ጋር ምንጣፍ ላይ ተቀመጠች። ከማን ጋር መኖር እንደምትፈልግ ጠየቀቻት። ልጅቷ አላመነታችም።

«ከእቴቴ አትጠገብ ጋር።»

ማኅደር ቀለል አላት። ልጅ እንዲህ ቁርጥ አድርጋ ስትናገር ሥራው ያልቃል። ነገር ግን ምክንያቱን ሳትጠይቅ አትጽፍምና ጠየቀች።

«ከእቴቴ መስኮት አውቶቡሱ ሲቆም ይታያል» አለች ረድኤት። «እማዬ ስትወርድ ቀድሜ አያታለሁ። ጋሼ ደሳለው ጋ ከሄድኩ ግን ታጣኛለች።»

እስከዚያች ሰዓት ድረስ ማኅደር ልጅቷ ታውቃለች ብላ ታስብ ነበር። ጽሕፈት ቤቱ «ዘመዶቿ ነግረዋታል» ብሎ አስቧል፤ ዘመዶቿ ደግሞ ለሕፃን መንገር የሚባል ነገር አለ ብለው አላሰቡም። ልጅቷ ከሦስቱ አንዱን አልመረጠችም፤ የመረጠችው አራተኛዋን ነው፣ የሌለችዋን።

ሦስቱን እንደገና ጠራቻቸው። «እስኪነገራት ድረስ አስተያየት አልጽፍም» አለች። «እንዴት እንደምትነግሯት ተስማሙና ንገሩኝ። እኔም እገኛለሁ።»

«ትምህርት እስኪዘጋ ይቆይ» አለ ደሳለው። «አሁን ብትሰማ መብላት ትተዋለች። ያኔም አልበላም ስትል በስልክ ያስበላኋት እኔ ነኝ።»

«በእኔ አፍ አይወጣም» አለች አትጠገብ። «ሌላ ሰው ቢነግራት አልከለክልም። እኔ ግን አልችልም።»

«እኔ እችላለሁ» አለች ባንቺአምላክ።

«አንቺማ እንግዳ ነሽ፤ ምን ያቅትሻል?» አላት ደሳለው።

ሳይስማሙ ተለያዩ።

ባንቺአምላክ ከዚያ በኋላ ማንንም አልጠየቀችም። በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ አትጠገብን ያሟትን የእድር ሴቶች ከየቤታቸው አስነስታ፣ ጥቁር አስለብሳ፣ አትጠገብ ደጅ ላይ አቆመቻቸው። ለአዋቂ እንደሚደረገው ሁሉ አደረገች። በሩ ሲከፈት ልጅቷን አቅፋ፣ «እናትሽ ሞታለች። አጠገቧ ነበርኩ፤ ስምሽን እየጠራች ነው የሞተችው» አለቻት። ሴቶቹ አለቀሱ። ረድኤት መጀመሪያ ዝም ብላ አየቻቸው፤ ከዚያ እነሱ ሲያለቅሱ አይታ አለቀሰች፤ ከዚያም ለራሷ አለቀሰች። አትጠገብ ሻሿን ፈታ መሬት ተቀመጠች። ያን ሁሉ ጊዜ የያዘችው ዕንባ ያን ቀን ወረደ፤ ያሟት ሴቶችም ደግፈው ያዟት። ደሳለው ካደረበት አልጋ ቤት ለቅሶውን ሰምቶ እየሮጠ ደረሰ። ማኅደር የደረሰችው ከሁሉም በኋላ ነው።

ልጅቷ ለቅሶዋ በረድ ሲልላት ጠየቀች። በመጀመሪያ ወደ ደሳለው ዞረች።

«ስልኩ ላይ ሰላም የምትለኝስ?»

«እኔ ነበርኩ» አለ።

«ለእማዬ ንገርልኝ ያልኩህንስ?»

«መቃብሯ ላይ እየሄድኩ ነግሬያታለሁ» አለ ደሳለው። እውነት ይሁን አይሁን የሚያውቅ የለም።

ወደ አትጠገብ ዞረች። «አንቺም ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር፣ ልጄ።»

«መስኮቱ ጋ ስቀመጥ ታዪኝ ነበር?»

አትጠገብ በፈታችው ሻሿ ፊቷን ሸፈነች።

በመጨረሻ ወደ ባንቺአምላክ ዞረች። «አንቺ ለምን ቶሎ አልመጣሽም?»

«እናቴ ሞታብኝ ነበር» አለች ባንቺአምላክ።

ረድኤት ይህን ስትሰማ ቀና ብላ በደንብ አየቻት። «ማን ነገረሽ?» አለቻት።

«ማንም። እጄ ላይ ነው የሞተችው።»

ያን ቀን ረድኤት አልበላችም። በሁለተኛውም ቀን አልበላችም፤ ደሳለው ማንንም አልወቀሰም፣ ግን እንዳለው ሆነ። በሦስተኛው ቀን አትጠገብ የሠራችውን ቀጭን ሽሮ ባንቺአምላክ ስታጎርሳት ጥቂት ቀመሰች።

ልጅቷ ረጋ ካለች በኋላ ማኅደር እንደገና ምንጣፉ ላይ ከእሷ ጋር ተቀመጠች፤ ያንኑ ጥያቄም ጠየቀቻት። ይህን ጊዜ ረድኤት ቶሎ አልመለሰችም።

«የማልመርጣቸው ሁለቱ ይቀሩብኛል?» አለች።

ማኅደር «አይቀሩብሽም» ልትል አፏን ከፈተች። ነገር ግን የደሳለው መንደር ሩቅ ነው፤ የባንቺአምላክ ከተማ ደግሞ ከዚያም ይርቃል። ሦስቱ ከመርዶው ቀን ወዲህ እርስ በርሳቸው መነጋገር ትተዋል። የማታውቀውን ነገር «እንዲህ ነው» ብትላት፣ ደሳለው በስልክ ሲያደርግ ከነበረው የተለየ አይሆንም።

«አላውቅም» አለቻት።

«እንግዲያው አልመርጥም» አለች ልጅቷ። «አንቺ ምረጪ።»

ማኅደር ወደ ጠረጴዛዋ ተመለሰች። ፍርድ ቤቱ የሚቀበለው አንድ ስም ብቻ ነው።

ደሳለውን ብትጽፍ፣ ሥጋዋ ነው፤ በልጅቷ ሆድ ውስጥ ምግብ ያቆየው እሱ ነው፤ ግን በውሸት ነው ያቆየው። አትጠገብን ብትጽፍ፣ በየቀኑ አብራት የነበረችው እሷ ናት፤ የራሷን ኀዘን ለልጅቷ ስትል ውጣለች፤ ግን ልጅቷ መስኮት ላይ ተቀምጣ ስትጠብቅ እያየች ዝም ብላለች። ባንቺአምላክን ብትጽፍ፣ እውነቱን የነገረቻት፣ እንደ ሰው ቆጥራ ያስለቀሰቻት እሷ ናት፤ የእናቲቱን ቃልም ጠብቃለች፤ ግን ማንንም ሳትጠይቅ አድርጋዋለች፤ አደራውንም ከእሷ በቀር የሰማ በሕይወት ያለ ሰው የለም።

እኔ ይህን ታሪክ ለተለያዩ ሰዎች ነግሬያለሁ። እናቶች አንድ ዓይነት መልስ አልሰጡኝም፤ አባቶችም አልሰጡኝም፤ ልጅ ሆነው እናት የሞተችባቸው ሰዎች እንኳ እርስ በርሳቸው ተከራክረዋል። ስለዚህ ለእናንተ እተወዋለሁ። እናንተ በማኅደር ወንበር ብትቀመጡ፣ ረድኤትም ደጅ ላይ ሆና ስሙን እየጠበቀች ቢሆን፣ እሷን ማሳደግ የሚገባው ከሦስቱ ማነው?