የወረደው ቀይ ጨርቅ

የቀበሌው ሊቀመንበር ወደ መምህር ላእከ መጣና፣ «የኔታ፣ ከትምህርት ቤቱ በላይ ያለው ኮረብታ ተሰንጥቋል ይሉኛል። ግን ሦስት ክረምት ችሎ ቆሟል። በሰው ወሬ ትምህርት ቤት ልዝጋ?» ሲል ጠየቃቸው። መምህሩ ፊታቸው ተለዋወጠ። እንዲህም አሉት፦

በሩቅ አገር አንድ ሰው ነበረ፤ ሥራው በባሕር ጠረፍ በቆመ ተራራ ላይ በረዶ መመርመር ነው። በዚያ አገር በረዶ እንደኛው ጠጠር ሆኖ አይወርድም፤ እንደ ተነደፈ ጥጥ እየረገፈ ይከመራል፤ ሲከፋም ተንዶ ሰው ይቀብራል። ሰውየው በየማለዳው ሽቅብ ወጥቶ በአካፋ ይቆፍራል። አዲሱ በረዶ ከሥሩ ካለው ጋር ካልተያያዘ ተራራውን በሚያቋርጠው መንገድ አፍ ላይ ቀይ ጨርቅ ይሰቅላል። ያን ቀን ማንም ማለፍ የለበትም።

አንድ ጊዜ በረዶው ሳምንት ሙሉ ሳያባራ ወረደ። በስምንተኛው ቀን ሰማዩ ጠራ፤ ከባሕሩም ሞቃት ነፋስ መጣ። መርማሪው ቢቆፍር አዲሱ በረዶ ውሃ ጠጥቶ ከብዷል፤ ከሥሩ ያለው ግን እንደ መስተዋት ያዳልጣል። በእጁ ገፋ ቢያደርገው ተንሸራተተ። ቀዩን ሰቀለ።

መንገደኛ በበቅሎ የሚያሻግር አንድ ባለጠጋ መጣና፣ «ፀሐይ ወጥታ ሳለ ምን ትቀባጥራለህ?» አለው።

«ጌታዬ፣ ያስፈራችኝ እሷው ናት።»

«ባለፈው ወር ጨርቅህ ተሰቅሎ አልፌያለሁ። ምን ሆንኩ?»

«ተረፉ እንጂ መንገዱ ደኅና አልነበረም።»

ባለጠጋው ስቆ ጨርቁን በገዛ እጁ አወረደ። ዐሥራ አንድ መንገደኞችም ጉዞ ጀመሩ። መርማሪው ፊታቸው ቆሞ ቢለምናቸው የባለጠጋው ሎሌዎች ገፍትረው ጣሉት። ባለጠጋው ራሱ ግን እታች ቀረ።

ቀትር ላይ ተራራው አጓራ፤ በረዶው ተንዶ መንገደኞቹን ቀበራቸው። መርማሪው እየሮጠ ወጥቶ እስኪመሽ ቆፈረ። ሁለት ሰው በሕይወት አወጣ፤ ዘጠኙን ሬሳ።

በለቅሶው ላይ ባለጠጋው ከፊት ቆሞ፣ «እግዚአብሔር ያመጣውን ማን ይመልሳል?» አለ። መርማሪው ይህን ሲሰማ ደሙ ፈላ። ለቀስተኛውን ሰንጥቆ ወጣና፦

«እግዚአብሔርማ አስቀድሞ አሳየን! እኔም ነገርኩህ። ጨርቁን ያወረድከው አንተ ነህ፤ በእሱ አታሳብብ!» ብሎ ጮኸበት።

ለቀስተኛው አንድ በአንድ ተነሥቶ ባለጠጋውን ብቻውን ትቶት ሄደ።

መምህሩ ወደ ሊቀመንበሩ ዞሩ። «ያ ባለጠጋ አንተ ነህ። ሦስት ክረምት መቆሙ ምሕረት ነው እንጂ ዋስትና አይደለም። ስንጥቁን በዓይናቸው አይተው የነገሩህን ሰዎች ወሬኛ አደረግሃቸው። ቢናድ፣ በሕፃናቱ ቀብር ላይ የእግዚአብሔርን ስም ልትጠራ ብትነሣ አፍህን የምይዝህ እኔ ነኝ። አሁን ምን ትጠብቃለህ? ልጆቹ ክፍል ውስጥ ናቸው፤ ሂድ!»