ያልተንበረከከው ባል

አንዲት ምላሰኛ ሴት ከባሏ ጋር ለግሪን ካርድ ቃለ መጠይቅ ቀረበች። ጠያቂው ሹም ወንበሩ ላይ ተለጥጦ፣ በአስተርጓሚ በኩል ባልየውን፣ "ላግባሽ ስትላት ተንበርክከህ ነበር?" አለው።

"ኧረ እኔ እዚያ አልነበርኩም" አለ ባልየው። "ወደ አባቷ ሦስት ሽማግሌ ላክሁ። እሺ ካልተባልን አንቀመጥም ብለው ቆመው ለመኑልኝ።"

ሹሙ ፋይሉን ዘጋው። "ለገዛ ትዳሩ ራሱ ሳይሄድ ሰው የሚልክ ወንድ! ጋብቻው የምር ነው ብዬ እንዴት ልመን?"

ሴትዮዋ ነጠላዋን አስተካክላ መለሰችለት። "ጌታዬ፣ አሜሪካስ እኛን ለመቀበል መቼ ራሷ መጣች? እርስዎን ላከች። እኛ ግን የምሯን ነው ብለን የክት ልብሳችንን ለብሰን መጣን። ደግሞ የባሌ ሽማግሌዎች ቢያንስ ቆመው ነበር።"