ባለ ሁለት ዓይኗ ጅብ

አንዲት የልጆች መጽሐፍ ሠዓሊ በአንድ ተራራማ አገር ትኖር ነበር። ስሟ ደብሪቱ ይባላል። የምትሠራው በንጉሡ ግቢ ጥግ፣ ከግምጃ ቤቱ ኋላ ባለች አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ነበር። ነገር ግን ከክፍሏ ይልቅ ሜዳ ላይ የምትውልበት ቀን ይበዛ ነበር። እንቁራሪት መሣል ሲኖርባት ኩሬ ዳር በሆዷ ትተኛለች። ጉሬዛ መሣል ሲኖርባት አንገቷ እስኪደነዝዝ ዛፍ ሥር አንጋጣ ትውላለች። ቀለሟንም የምታዘጋጀው ራሷ ናት፤ ቀዩን ከአፈር፣ ጥቁሩን ከከሰል፣ ቢጫውን ከአበባ። ማታ ስትመለስ ቀሚሷ ጭቃ በጭቃ ስለሚሆን ጎረቤቶቿ ይቀልዱባታል።

«ደብሪቱ፣ ዛሬ ደግሞ ምን ሆነሽ ዋልሽ?» ይሏታል።

«ዛሬ ኤሊ ሆኜ ዋልሁ። አታዩም እንዴ እንደዘገየሁ?» ትላቸዋለች እየሳቀች።

ሥዕል ያስተማሯት አለቃ ዘዮሐንስ የሚባሉ ሽማግሌ ናቸው። የአገሩን አብያተ ክርስቲያናት ግድግዳ በሥዕል የሞሉት እሳቸው ነበሩ። እሳቸው ዘንድ ብሩሽ የጨበጠ ሁሉ ከሁሉ አስቀድሞ አንድ ሕግ ይማራል። ጻድቅ ሰው ፊቱ ወደ ተመልካቹ ዞሮ፣ ሁለቱም ዓይኖቹ እየታዩ ይሣላል። ክፉ ሰው ግን በጎኑ ይሣላል፤ የሚታየውም አንድ ዓይኑ ብቻ ነው። ስለዚህ ማንበብ የማይችል ሰው እንኳ ቤተ ክርስቲያን ገብቶ ቀና ሲል ማን ቅዱስ፣ ማን ከሃዲ እንደሆነ ዓይናቸውን አይቶ ይለያል። ደብሪቱም ይህንን ሕግ ከልጅነቷ ጀምሮ በእጇ ይዛው አድጋለች።

ከዕለታት አንድ ቀን ንጉሡ ለትምህርት ቤቶች የሚሆን፣ የአገሩን የዱር እንስሳት ሁሉ የሚያሳይ መጽሐፍ እንዲሠራ አዘዙ። የግምጃ ቤቱ ሹም በጅሮንድ መሸሻ ግን ነገሩ አልጣማቸውም።

«ጃንሆይ፣ ለልጅ ይህን ሁሉ ቀለም ማባከን ምን ይባላል? ልጅ እንደሆነ ቀዶ ነው የሚጥለው» አሉ። «የሴትየዋንም ክፍል ለኮርቻ ማስቀመጫ ብናደርገው ይሻለን ነበር።»

ንጉሡ ትንሽ አሰቡና «መጽሐፉ መጀመሪያ ይሠራና እንየው» አሉ። «ካማረ ለየትምህርት ቤቱ እየተገለበጠ ይላካል። ካላማረ ክፍሉን ትወስዳለህ፤ የልጆች ሥዕልም ይቀራል።»

ደብሪቱ ይህን ስትሰማ ደነገጠች። በዚያ አገር ለልጆች ብቻ ሥዕል የሚሠራባት ቦታ ያቺ ክፍል ብቻ ነበረች። እሷ ከተዘጋች ደብሪቱ ዕድሜዋን ሁሉ የሰጠችው ሥራ አብሮ ይዘጋል።

ስለዚህ ሌት ተቀን ሳትል ለፋች። ዋልያውን ለመሣል ገደል ወጣች። ቀይ ቀበሮው አይጥ ሲያድን ለማየት በብርድ ተቆራመደች። ጃርቱን፣ ሰጎኑን፣ ቁራውን አንድ በአንድ እየሄደች፣ እያየች ሣለቻቸው። ጅብ ላይ ስትደርስ ግን አልሄደችም። «ጅብን ደግሞ ማን የማያውቀው አለ?» አለች። እውነቱን ለመናገር ፈርታም ነበር። ክፍሏ ውስጥ ተቀምጣ፣ በተማረችው ሕግ መሠረት ጅቡን በጎኑ ሣለችው። አንድ ዓይን ሰጠችው፤ ጥርሱን አገጠጠችው፤ አፉንም በቀይ ቀለም ቀባችው።

ሥዕሉ እንዲደርቅ መስኮቱ ላይ ባኖረችው ቀን እልፌ የምትባል የልብስ አጣቢዋ ልጅ በዚያ ስታልፍ ቆም ብላ አየችው።

«እትዬ ደብሪቱ፣ ይሄንን እኮ አውቀዋለሁ!» አለች።

«ታውቂዋለሽ አይደል? ጅብ ነው።»

«አይ! ሰውዬው ነው። ቤተ ክርስቲያን ግድግዳው ላይ መልአኩ የረገጠው ሰውዬ። ጅብ አደረግሽው እንዴ?»

ደብሪቱ ከት ብላ ሳቀች። ልጅቷ ሄደች። ደብሪቱም ሥዕሉን እንደገና ስታየው ሳቋ ቀስ እያለ ጠፋ። ልጅቷ የተናገረችው እውነት ነበር። ዓይኑ የዚያ ሰውዬ ዓይን ነው፤ አፉም የዚያ ሰውዬ አፍ ነው። ጭራና ጆሮ ጨመረችበት እንጂ ጅብ አልሣለችም። ያላየችው እንስሳ ያ ብቻ ነበር፤ የሞተውም ሥዕል ያ ብቻ ነበር።

በማግሥቱ ማለዳ ብራናዋንና ከሰሏን ይዛ ከከተማው ውጭ ወዳለው ሸለቆ ወረደች። ከሸለቆው ማዶ የጅብ ዋሻ እንዳለ እንጨት ለቃሚዎች ነግረዋታል። ሸለቆው ጠባብ ነበር፤ እሷ ከወዲህ ማዶ ቋጥኝ ተደግፋ ተቀመጠች። የመጀመሪያ ቀን ምንም ሳታይ ተመለሰች። በሌላው ቀንም እንዲሁ። ከዚያ በኋላ ግን አንድ ማለዳ፣ ፀሐይዋ ገና ዋሻው አፍ ላይ ስትደርስ፣ አንዲት ጅብ ወጥታ በጎኗ ተጋደመች። ከኋላዋ ከሰል የመሰሉ ጥቋቁር ግልገሎች እየተንከባለሉ ወጡ። አንደኛው ጆሮዋን ነከሰ። ሌላው ጀርባዋ ላይ ሊወጣ ሞከረና ወደቀ። እናትየዋ ዝም ብላ አጠባቻቸው።

ደብሪቱ መፍራቷን ረስታ መሣል ጀመረች። ከሰሏ ብራናው ላይ ሲንቀሳቀስ ትንሽ ድምፅ አሰማ። ጅቧ ቀና አለች። ከሸለቆው ማዶ ፊቷን አዙራ በሁለቱም ዓይኖቿ ደብሪቱን አየቻት። ዓይኖቿ ውስጥ ቁጣም፣ ልመናም አልነበረም። «አይቼሻለሁ፤ እዚያው ሁኚ» የምትል ትመስል ነበር። ደብሪቱም መሣሏን አላቆመችም። እነዚያን ሁለት ዓይኖች ሥላ እስክትጨርስ አልተነሣችም።

ከተማ ስትመለስ በቀጥታ ወደ አለቃ ዘዮሐንስ ቤት ሄዳ የሆነውን ሁሉ ነገረቻቸው። አለቃ ሥዕሉን ወደ ብርሃን አቅርበው አዩት። ከዚያም ፊታቸው ተለወጠ።

«ምንድን ነው ይሄ? ለጅብ ሁለት ዓይን?» አሉ። «ነገ ለሰይጣንም ሁለት ትሰጪዋለሽ ማለት ነው!»

«የኔታ፣ ሰይጣንን አይቼው አላውቅም» አለች ደብሪቱ አንገቷን ደፍታ። «ጅቧን ግን አይቻታለሁ።»

አለቃ ሳቃቸው ሊመጣ ነበር፤ ዋጥ አደረጉት።

«ልጄ፣ አፍሽ ጎበዝ ነው። መሸሻ ግን የሚፈልገው ሰበብ ብቻ ነው። ይህንን ሲያይ ሠዓሊዋ አበደች ብሎ ክፍልሽን ይወስደዋል። እባክሽን የበፊቱንም አብረሽ ያዢ። ንጉሡ ሲቆጡ ያንን ታወጪዋለሽ።»

ደብሪቱ ክርክር አልወደደችም። ክፍሏንም ማጣት አልፈለገችም። ሁለቱንም ሥዕሎች ያዘች። መጽሐፉ ውስጥ የሰፋችው ግን ባለ ሁለት ዓይኗን ነበር፤ የበፊቱን ሳትሰፋው ከኋላ አስገባችው።

ቀኑ ደረሰና ንጉሡ ፊት ቀረበች። አለቃም ከሽማግሌዎቹ ጋር ተቀምጠው ነበር። መጽሐፉ ሲገለጥ አዳራሹ ደስ አለው። «ዋልያውን እዩት፣ ሊዘል ነው!» «ጃርቷስ፣ ልትወጋኝ ነው መሰለኝ!» እያሉ ሹማምንቱ እንደ ልጅ ተገፋፉ። ጅቧ ጋ ሲደርሱ ግን በጅሮንድ መሸሻ ከመቀመጫቸው ተነሡ።

«ጃንሆይ፣ ነግሬዎት ነበር! ጅብ እንደ ቅዱሳን ሁለት ዓይን አውጥታ፣ እንደ ሴት ወይዘሮ ልጅ ስታጠባ! የእኛ ልጆች ይህንን አይተው ነገ ሊዳብሷት ቢሄዱ ማን ሊጠየቅ ነው?»

ይህን እያሉ መጽሐፉን ሲያገላብጡ ያልተሰፋው ሥዕል ወለሉ ላይ ወደቀ። አንሥተው አዩትና «ይኸው! ጅብ ማለት እንዲህ ነው!» አሉ።

ንጉሡ ሁለቱን ሥዕሎች ጎን ለጎን አስቀምጠው ሠዓሊዋን ተመለከቱ።

«ሁለቱም የአንቺ ሥራ ናቸው። የትኛው ነው እውነተኛው?»

ደብሪቱ በልቧ ክፍሏን አየቻት። «የበፊቱ ነው» ብትል ነገሩ እዚያው ያልቃል። በጅሮንዱም ዝም ይላሉ። ቢሆንም ቀና አለች።

«ጃንሆይ፣ ይህንን ባለ አንድ ዓይኑን ሳልሄድ ሣልሁት። ያንን ግን ሄጄ ነው የሣልሁት።»

አዳራሹ ተንጫጫ። ንጉሡ እጃቸውን አነሡ።

«እኛ ምን ያጨቃጭቀናል? መጽሐፉ ለማን ነው? ለልጆች አይደል? ጥሯቸው።»

ግቢው ውስጥ ኳስ ሲራገጡ የነበሩ ልጆች ላባቸው እየተንጠፈጠፈ ገቡ። የንጉሡ የልጅ ልጆችም፣ የፈረስ ጠባቂዎቹ ልጆችም አንድ ላይ ነበሩ። መጀመሪያ ባለ አንድ ዓይኑ ጅብ ታየ።

«ይሄ ደግሞ ፈሪ ነው፣ ዞሮ ነው የቆመው!» አለ አንዱ።

«በድንጋይ አናቱን ነው የምለው!»

«እኔማ ጭራውን ይዤ አሽከረክረዋለሁ!»

በጅሮንዱ እጃቸውን እያጨበጨቡ «ጀግኖች! አያችሁልኝ?» አሉ። ንጉሡ ግን አልሳቁም። «ሌላውን አሳዩአቸው» አሉ።

ሁለተኛው ሥዕል ሲገለጥ ጫጫታው ቀጥ አለ። ልጆቹ ተጠጋጉ። የንጉሡ ትንሿ የልጅ ልጅ ጣቷን ዘርግታ አንደኛውን ግልገል ልትነካው ሄደች። ከዚያ ቀና ስትል የእናትየዋን ዓይኖች አየችና ጣቷን ሰበሰበች።

«ምነው የኔ ልጅ?» አሉ ንጉሡ።

«አየችኝ» አለች ልጅቷ በሹክሹክታ።

«ውጭ ብታገኚያትስ ምን ታደርጊያለሽ?»

«ልጆቿን አልነካም። ሳልሮጥ ቀስ ብዬ ወደ ኋላ እሄዳለሁ።»

ንጉሡ «ጭራውን ይዤ» ወዳለው ልጅ ዞሩ። «አንተስ ጀግናው፣ ጭራዋን አትይዝም?»

«ኧረ እኔ አልይዝም!» አለ ልጁ ዓይኑን አፍጥጦ። «ልጆች አሏት እኮ!»

አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። ሳቁ ሲበርድ አለቃ ዘዮሐንስ በከዘራቸው ተደግፈው ተነሡ።

«ጃንሆይ፣ ያንን የዓይን ሕግ ያስተማርኋት እኔ ነኝ» አሉ አለቃ። «ሕጉ አልተሳሳተም፤ ያለቦታው ገብቶ ነው። ክፉን ሰው በጎኑ የምንሥለው ወዶና መርጦ ከእውነት ፊቱን ስላዞረ ነው። ይህች እንስሳ ግን ፊቷን ከማን አዞረች? ምን መርጣ ነው የምፈርድባት? ልጄ ከእኔ የተማረችውን አልጣለችም። እኔ ያልደረስሁበት ድረስ ሄዳ ነው የመጣችው።»

ንጉሡ መጽሐፉን በሁለት እጃቸው አነሡት።

«ይህ መጽሐፍ አንድ ገጽ ሳይቀነስ ይገልበጥ» አሉ። «ክፍሉም የሠዓሊዋ ነው። በጅሮንድ፣ ለቀለሙ አንተ ኃላፊ ነህ፤ እንዳያልቅባት።»

በጅሮንድ መሸሻ እጅ ነሱ። ከዚያ ግን ሥዕሉን አሻቅበው እያዩ «ለካ ቆንጆ ነች ጃል» ሲሉ አጠገባቸው ያሉት ሁሉ ሰሟቸው።

መጻሕፍቱ ተገልብጠው ባለቁ ጊዜ በበቅሎ ተጭነው ወደየአገሩ ወጡ። ያን ዕለት የከተማው ሴቶች እልል አሉ፤ ልጆች በቅሎዎቹን እስከ ድልድዩ ድረስ እየሮጡ ሸኙ። ደብሪቱም ከሕዝቡ መካከል ቆማ፣ እጆቿ ቀለም እንደነካቸው፣ እንባዋን ጠረገችና ከሁሉም በላይ ጮኻ እልልታዋን አቀለጠችው።

እኛም ከዚህ ታሪክ የምንማረው አለ። ሠዓሊዋ ጅቧን ደግ አላደረገቻትም፤ ጥርሷንም አልደበቀችም። እንዳለች አሳየቻት እንጂ። ውሸተኛው ሥዕል ልጆቹን ደፋር አስመሰላቸው፤ እውነተኛው ግን አስተዋይ አደረጋቸው። አንድን ፍጥረት ወይም አንድን ሰው ሳንቀርበው ክፉ ብለን ስንሥለው እሱን ብቻ አይደለም የምንበድለው። የእኛን ሥዕል አምነው የሚያድጉትንም እናሳስታለን። ሄዶ ማየት ያስፈራል፤ ያየነውን መናገር ደግሞ ከዚያ የበለጠ ያስፈራል። ሆኖም ዓይንን ወደ ብርሃን የሚመልሰው ሌላ መንገድ የለም።

እናንተስ፣ ሳትሄዱ የሣላችሁት ማን አለ?