ዝም ያለው ፋን

ሰው ሲሾም ከወንበሩ ቀጥሎ የሚያምረው የግል ሽንት ቤት ነው። የአንድ መሥሪያ ቤት ሥራ አስኪያጅ የሆኑት አቶ ዘርጋውም ቁልፉ ከኪሳቸው የማይወጣ ሽንት ቤት ነበራቸው። ታዲያ አየር ማስወጫ ፋኑ እንደ ወፍጮ እየጮኸ አላስቀምጥ ቢላቸው፣ በምላሷ የምትታወቀውን የጥገና ሠራተኛ አስጠርተው፣ «ይህን ነገር ዛሬውኑ ዝም አሰኚልኝ» አሏት። እሷም ፋኑን አውርዳ የተጋገረበትን አቧራ ጠረገች፤ ዘይት ቀብታም መለሰችው። ፋኑ መዞሩ እንኳ እስከማይታወቅ ድረስ ጸጥ አለ።

በማግስቱ አቶ ዘርጋው ከሽንት ቤታቸው ሲወጡ፣ ደጅ የሚጠኑት ባለጉዳዮች ሳቃቸውን ለማፈን ሲታገሉ አገኟቸው። ምን እንደሆነ ጸሐፊያቸውን ቢጠይቋት፣ አንገቷን ደፍታ፣ «ከውስጥ ጩኸት ይሰማ ነበር» አለቻቸው።

አቶ ዘርጋው በገኑ። ከሰዓት በኋላ ሠራተኛውን ሁሉ ለግምገማ ሰበሰቡ። በእሳቸው ግምገማ ጥፋቱን ሳያምን የተቀመጠ ሰው ኖሮ አያውቅም። ሴትዮዋን አስነሥተው፣ «ሳትጠግኚ ጠገንኩ ብለሽ አዋርደሽኛል! አሁን እዚሁ ግለ ሂስ አድርጊ፤ አለዚያ ከሥራ ትባረሪያለሽ!» ብለው አፈጠጡባት።

ሴትዮዋ ጋውኗን አስተካክላ ቆመች።

«ጥፋቴን አምናለሁ፣ ጌታዬ» አለች። «ፋኑ ከትናንት ጀምሮ ትንፍሽ አላለም፤ ዛሬ ባለጉዳዮቹ የሰሙት እርስዎን ነው። ይህን ሁሉ ዘመን እየጮኸ ገመናዎን ሲሸፍንልዎ የኖረውን ዝም ያሰኘሁት ግን እኔ ነኝ።»